ልብስ ሰፊዋ እትዬ ሜትር እና የወንድማቸው ቀበቶ

እትዬ ሜትር ከአናጢው አባታቸውና በሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው በጥቅምት ወር 1952 ዓ.ም. ተወለዱ። የመዝገብ ስማቸውን ዛሬ እዚህ ከተሰበሰበው ሰው ግማሹ አያውቀውም፤ የሚያውቀውም አይጠራበትም። ልብስ ሰፊዎች «ሜትር» የሚሉት ቢጫ የልኬት ጥብጣብ ከአንገታቸው ወርዶ ስለማያውቅ እሱው ስማቸው ሆኖ ቀረ። ባለቤታቸው እንደሚመሰክሩት በሠርጋቸው ቀን እንኳ ያወለቁት ፎቶ አንሺው ስለለመናቸው ነው።

ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ ከሥራቸው ሦስት ታናናሾች ነበሯቸው። በ1966 ዓ.ም. የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳሉ እናታቸው በድንገት አረፉ። የመጨረሻው ልጅ ያኔ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። እትዬም ደብተራቸውን አስቀምጠው ጎረቤታቸው የነበሩ ልብስ ሰፊ ዘንድ ገቡ፤ በመተኮስና ቁልፍ በመትከል ጀምረው በዓመቱ የስፌት መኪናው ላይ ተቀመጡ። ያቋረጡትን ትምህርት በማታ ተምረው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በ1976 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ታናናሾቻቸውን እናትም እህትም ሆነው አሳደጉ። ለሦስቱም ዩኒፎርም የሚሰፉት ሁልጊዜ አንድ ቁጥር አስበልጠው ነበር። «ልጅ ያድጋል፣ ጨርቅ አያድግም» ይሉ ነበርና፣ ልጆቹ በየዓመቱ መስከረም እጅጌያቸውን ያጥፋሉ፤ ሰኔ ላይ ልብሱ ልካቸው ሆኖ ይገኝ ነበር።

በ1978 ዓ.ም. ከዳቦ ቤቱና ከጫማ አዳሹ መሃል ባለችው ጠባብ ክፍል የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። የሱቁ ሕግ አንድ ነበር፤ ሳይለኩ መቁረጥ የለም። «የአምናው ልኬ አለ አይደል?» ያለ ደንበኛ ሁሉ «ያምናው ሰውዬ አምና ቀርቷል፤ ና ቁም» ይባል ነበር። ዓይን ይዋሻል፣ ሜትር አይዋሽም የሚለው ቃላቸውም በሠፈሩ እንደ ተረት ይጠቀሳል። በ1979 ዓ.ም. የተቃጠለ ፊውዝ ሊቀይሩ ወደ ሱቁ ከመጡ ኤሌክትሪሺያን ጋር ትዳር መሠረቱ። ለአንዲት ፊውዝ ሳምንቱን ሙሉ መመላለሳቸውን ባለቤታቸው እስከ ዛሬ የሥራ ጥራት ነው ይላሉ። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

በኅዳር ወር 2005 ዓ.ም. የመጨረሻው ወንድማቸው፣ ይህን ጽሑፍ የሚጽፈው መምህር፣ የትልቁ አንጀት መጨረሻ ላይ ካንሰር እንዳለበት ተነገረው። ሐኪሟ አልሸፋፈኑም። መጀመሪያ ኬሞና ጨረር፣ ቀጥሎ ከባድ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ ከዚያ በኋላ ሰገራው በሆዱ በግራ በኩል በሚከፈት ቀዳዳ ወጥቶ ቆዳው ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ይጠራቀማል፤ ይህም ዕድሜ ልኩን ነው አሉ። ቀዶ ሕክምናው ከቀረ ግን ዓመቱን መዝለቁን እንደሚጠራጠሩ ነገሩት። ወንድማቸው ካንሰሩን በፀጋ ተቀበለ፤ ከረጢቱን ግን አሻፈረኝ አለ። በየቀኑ ስድሳ ተማሪ ፊት የሚቆም ሰው ነው፤ ተማሪ ደግሞ የአስተማሪውን ሱሪ እንጂ ሰሌዳውን አያይም ብሎ ያምናል። ዘመድ አለቀሰ፣ ሽማግሌ ተላከ፣ እሱ ግን ፍንክች አላለም።

እትዬ ሜትር አልለመኑም። ሐኪሟ ዘንድ ሄደው ያንን ከረጢት ተቀበሉ፤ ዱቄት በውሃ አላልተው ሞሉት፤ በግራ ሆዳቸው ላይም ለጠፉት። ሱቅ ዋሉበት፣ ታክሲ ተሳፈሩበት። በዚያው ሰሞን የትልቋ ልጃቸው ሠርግ ነበርና የሙሽራ እናት ሆነው፣ ከረጢቱን በሰማያዊው ቀሚሳቸው ሥር አድርገው እስኪያልባቸው ጨፈሩ። ወንድማቸው አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። በማግሥቱ ቤቱ ድረስ መጥተው በሩን ዘጉ።

«ትናንት ምን ለብሼ ነበር?» አሉት።

«ሰማያዊ ቀሚስ።»

«ሌላስ?»

«ምን አውቄልዎ እትዬ፣ ጫማ ነዋ!»

ይህን ጊዜ ከረጢቱን ከነዱቄቱ ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ይኼን ይዤ ነው የጨፈርኩት። እህቴን ከእግር እስከ ራሷ አውቃታለሁ የምትል አንተ ካላየኸው፣ ስድሳ ውርጋጥ ያየዋል? ወይስ ለከረጢት ብለህ ልትሞትብኝ ነው?»

ወንድማቸው መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ አምርሮ አለቀሰ። በበነጋው ለሐኪሟ እሺ አለ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ወራት እትዬ ሱቃቸውን ለረዳቶቻቸው ትተው በሕክምና መተላለፊያዎች አሳለፏቸው። የጨረር ክፍሉ ደጃፍ ላይ በተደረደሩት ወንበሮች ተቀምጠው የልብስ ጠርዝ ሲያጥፉ፣ ወረፋ የሚጠብቁ ሕሙማን ሱሪያችን ሰፋን እያሉ ያወሯቸው ጀመር። ሁሉም ከስቷል። እትዬም እዚያው የሱሪውን ወገብ እያጠበቡላቸው ይመልሷቸው ነበር። ወንድማቸው ኬሞው ምግብ አላስቀር ሲለው «ይውጣ፤ እንደገና እናስገባለን» ይሉታል። ሲነጫነጭ ይቆጡታል፤ ሲተኛ ደግሞ ሊጎበኘው የመጣውን ሁሉ በጣታቸው ዝም ያሰኛሉ። አንድም ቀን ይሆን ይሆናል ብለው ሲናገሩ አልተሰሙም። «ስትድን» ነበር የሚሉት፣ «ከዳንክ» ብለው አያውቁም።

ከረጢቱን አቅፎ የሚይዝ ከለስላሳ ጥጥ የተሠራ ቀበቶም ሰፉለት። እዚህ ላይ በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ያልታየ ስህተት ሠሩ፤ ሳይለኩ ቆረጡ። ሱሪውን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የሰፉለት እሳቸው ናቸውና ወገቡን በቃላቸው የሚያውቁት መሰላቸው። ለቀዶ ሕክምናው በተኛበት ክፍል ሊሞክሩለት ሲያጠልቁለት የቀበቶው ጫፎች ከስንዝር በላይ ተደራረቡ። እትዬ ጫፎቹን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቆሙ። በቃላቸው ያለው ወንድማቸውና አልጋው ላይ ያለው አንድ አልነበሩም። ቤተሰቡ በዚያ ሁሉ ወራት እንባቸውን ያየው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በመዳፋቸው ፊታቸውን ጠርገው ሜትሩን ከአንገታቸው ሳብ አደረጉ። «ዓይን ይዋሻል ስል አልኖርኩም? ተነስ ቁም። ደግሞ ይኼ ልክ ለጊዜው ነው፤ ትወፍራለህ» አሉት። እንደተናገሩትም ቀበቶውን በኋላ የሚለቀቅ ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፈው መልሰው ሰፉት።

ቀዶ ሕክምናው ከጠዋት እስከ አመሻሽ ፈጀ። ቀዶ ጠጋኙ ሐኪም ሲወጡ ቤተሰቡ ሁሉ ብድግ ሲል፣ እትዬ ቀድመው የጠየቁት «ግራ ነው ቀኝ?» ብለው ነው፤ ቀበቶው ለግራ ተሰፍቷልና። ሐኪሙ ሳቅ ብለው ግራ እንደሆነና ወንድማቸውም ደህና መውጣቱን ነገሯቸው። እትዬ «ጎሽ» አሉ፤ ባለቤታቸውም ደግፈው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው።

ከረጢቱን መቀየር መጀመሪያ ከነርሷ የተማሩት እሳቸው ነበሩ፤ ወንድማቸውን ያስተማሩትም እሳቸው። ቀበቶው በየጊዜው እየተለቀቀ ሰፋ። በመስከረም 2006 ዓ.ም. ወንድማቸው ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ገና በመጀመሪያው ወር ከረጢቱ ትምህርት ቤት ውስጥ ተላቆበት አፍሮ ቤት ሲገባ፣ እትዬ ሮጠው መጥተው የደበቁትን ነገሩት፦ «የኔም እኮ ሠርጉ ላይ ተላቆ ነበር። መጸዳጃ ቤት ገብቼ በመርፌ ቁልፍ አያይዤ ነው ተመልሼ የጨፈርኩት። ያኔ ብነግርህ እንቢ ትላለህ ብዬ ነው። ይላቀቃል፤ ይለጠፋል፤ ሌላ ምን አለው?» ወንድማቸው በማግሥቱ ማስተማሩን ቀጠለ፤ ዛሬም ያስተምራል።

ከዚያ ወዲህ ሐኪሟ ቀዶ ሕክምናውን የፈሩ ሕሙማንን ወደ ሱቁ ይልኩ ጀመር። እትዬ በሱቁ ማዕዘን መጋረጃ ሰቅለው እያንዳንዱን ለክተው ቀበቶ ሰፉለት። መጀመሪያ ግን ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሰው የተነሱትን የሠርግ ፎቶ ያሳዩትና ከረጢቱ የት እንዳለ ፈልግ ይሉት ነበር። ያገኘው የለም። ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬ እዚህ ቆመዋል፤ ማን ማን እንደሆኑ ግን አይታችሁ አትለዩም።

በ2015 ዓ.ም. ልባቸው መድከም ጀመረ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ሆስፒታል ሲገቡ አጠገባቸው ወንበር ስቦ የተቀመጠው ወንድማቸው ነበር። አጎረሳቸው፣ አገላበጣቸው፣ የሚያውቀውን ሁሉ ያወቀው ከእሳቸው ነውና ነርሶቹን አላስቸገረም። ሐኪሞች ተስፋ መቁረጣቸውን የነገሩት ዕለት ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ሲያለቅስ ሰሙት። እጁን ያዙና እንዲህ አሉት፦

«ምን ያስለቅስሃል? እናታችን ትታህ ከሄደች ጀምሮ ቅበረኝ፣ ቅበረኝ እያልኩ አይደል ያሳደግሁህ? አንድ ጊዜ ልትቀድመኝ ነበር፤ አላስቀደምኩህም። አሁን ደስ ብሎኝ ነው የምሄደው። በል፣ ስትቀብረኝ ቀጥ ብለህ ቁም።»

እትዬ ሜትር የካቲት 14 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ሁለት እህቶቻቸውን እና አንድ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። ይህ የመጨረሻው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከዚህ ቁጥር ሊጎድል የነበረ ነው።

ፈጣሪ ለሰው የደከመችውን ነፍሳቸውን በዕረፍት ቦታ ይቀበልልን፤ ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለሁላችንም መጽናናትን ይስጠን።

እትዬ፣ ይኸው ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ። ልቀብርዎ ነው።