ሻምበሉ ለወታደሮቹ ያልነገራቸው

ነስሩ፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ስላላሰብኩህ አይደለም። ተቆጥቼብህ ነው። በሞተ ሰው ላይ መቆጣት ነውር ነው ይሉኛል። እናትህም «ሶብር አድርጊ፣ ታገሺ ልጄ» ትለኛለች፤ አደርጋለሁ። ግን ሶብሩም ቁጣውም አንድ ሆድ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሰግጄ ምሕረት እለምንልሃለሁ፤ መስገጃዬን ሳጣጥፍ ደግሞ የምጠይቅህ ነገር ይመጣብኛል። የሚመልስልኝ ስለሌለ ዛሬ ልጽፈው ቁጭ አልኩ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ኢክራም ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፤ በቁመት አልፋኛለች። የምትለብሰው የአንተን ጃኬት ነው፤ እጅጌውን ላሳጥርልሽ ብላት እምቢ አለች። እናትህ ከቦኬ መጥታ ከእኛ ጋር ናት። እሷ በኦሮምኛ ታወራለች፣ ኢክራም በአማርኛ ትመልሳለች፣ ሁለቱም ይስቃሉ። ልብስ ስፌቱ ደህና ነው፤ ሁለተኛ ማሽን አስገብቻለሁ። ነገ አስተካክለዋለሁ እያልክ ሦስት ዓመት ያቆየኸውን የጓሮ በር አናጢ ጠርቼ አሠራሁት። ትምህርት ቤት በአንተ ቦታ አንዲት የጂኦግራፊ አስተማሪ መጥታለች። ኢክራም «ጎበዝ ናት» ትላለች፤ ስትለኝ ግን ይከፋኝ እንደሆነ ፊቴን ታያለች።

ከሱቁ በስተጀርባ ያለችውን ክፍል፣ እናንተ የምትጫወቱባትን፣ ብዙ ወራት ቆልፌያት ከረምኩ።

ያን ጨዋታ ድሮ ያስተማርከው ልጅ በስልክ ሲልክልህ አትመኸው ስትመጣ አስታውሳለሁ። እንግሊዝኛውን በእርሳስ እያሰመርክ ትተረጉመው ነበር። ዓለም በጦርነት ፈርሳ፣ መብራትም ነዳጅም አዛዥም ጠፍቶ፣ ከአንድ ጦር የተረፉ ጥቂት ወታደሮች ወደየቤታቸው ይጓዛሉ። አንድ ሰው ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ወታደር ሆነው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ። ይሳካላቸው አይሳካላቸው በዕጣ ይለያል። አንተ ቁጥር የጻፍክባቸውን ወረቀቶች በወተት ጣሳ ውስጥ አድርገህ ታስወጣቸው ነበር። አርባ ሊሞላው የደረሰ መምህር ወታደር ወታደር ሊጫወት ነው ብዬ ሳቅኩብህ።

ከሳምንት በኋላ ግርማና አብዲ የቅዳሜ ከሰዓታቸውን ሰጡህ። ግርማ የጎረቤታችን መድኃኒት ቤት ባለቤት ነው፣ ከልጅነትህ ጀምሮ ጓደኛህ። አብዲ ደግሞ የሂርና መስመር ሚኒባስ ሹፌር ነው። ታሪኩን ከማናውቀው አገር አውጥተህ ወደ ጨርጨር አመጣኸው። ወታደሮቹ ከሐረር ተነሥተው፣ በሂርና አልፈው፣ በጭሮ አድርገው፣ ሜኤሶ ወርደው አዋሽን ሊሻገሩ ነበር። የሚመራቸው ሻምበል ነበር። እሱን አንተ ራስህ ትጫወተው ነበር።

ለየቅዳሜው አዲስ ታሪክ ያስፈልግሃል፤ ሐሳቡን የምታወጣው ከእኔ ጋር ነበር። እኔ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ አንተ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጠህ፣ ደብተርህን ጭንህ ላይ ዘርግተህ «እሺ ዘይነብ፣ ሂርና ሲደርሱ ምን ይግጠማቸው?» ትለኛለህ። የአንተ ሐሳብ ሁሉ ፈንጂና ደፈጣ ነበር። እኔ ደግሞ «ጨው ከየት ያገኛሉ? ጫማቸው ሲቀደድ ማን ይሰፋላቸዋል?» ብዬ እጠይቅሃለሁ። ትስቅና ትጽፋለህ። በደሳ ላይ ጨው ያለው መንደር አገኙ፤ መንደርተኛው ወፍጮውን ለጠገነለት ካልሆነ ጨው አይሰጥም። ሂርና መንገድ ዳር ነዳጅ ያለቀበት ታንክ ቆሟል፤ ውስጡ አንዲት ሴት ዶሮዎቿን አሳድራበታለች። ወታደሮቹ የታንኩን መገናኛ ሬዲዮ ይፈልጋሉ፤ ሴትየዋ ደግሞ ጫጩቶቹ ሳይፈለፈሉ ማንም አይገባም አለች። አብዲ በንዴት መሣሪያ ላውጣባት ሲል ግርማ ለመነው። በመጨረሻ ሦስት ሳምንት ጠበቁ። በጨዋታው ሦስት ሳምንት ማለቴ ነው፤ ግን አብዲ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «ጫጩቶቹ አልወጡም?» ይለኝ ነበር።

የቦኬውንስ ሬዲዮ? በየጠዋቱ አንድ ድምፅ የወታደሮች ስም ይጠራል፤ የሚመልስ የለም። ተራራውን ወጥተው ሲያዩ፣ የልጁን የጦር ክፍል ስም ዝርዝር ይዞ የሚጣራ ሽማግሌ ሆኖ ተገኘ። ያን የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ግርማ ከክፍሉ ዓይኑን እየጠረገ ወጣ። ኮራሁ። በትዳራችን ከምንም ነገር በላይ ያን ሥራ እወደው ነበር፤ ሁለታችን ብቻ የምንሠራው ነበርና።

አሁን ወደሚያመኝ ልምጣ።

ሂርና ለአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም አስረክበን በአብዲ መኪና ስንመለስ ነበር። ከኋላ ተቀምጠናል። ደብተሩን አልያዝክም።

«ሻምበሉ ቢታመምስ?» አልከኝ። «ከውስጥ ነው፣ አይታይም። አዋሽን ሳያሻግራቸው እንደሚሞት ያውቃል። ይንገራቸው ወይስ አይንገራቸው?»

እኔ ሳላስረክብ ስለቀሩብኝ ሁለት ሸሚዞች አስብ ነበር። «ቢነግራቸው ምን ያደርጋሉ?» አልኩህ።

«ይቆማሉ። እሱን ሊያስታምሙ ይቀመጣሉ። ጉዞው ይቀራል።»

«እንግዲያው አይንገራቸው፤ ወንዙን ይሻገሩ። ለጨዋታውም እንደሱ ይሻላል» አልኩህ።

«እሺ» አልክ። ጭሮ እስክንገባ በመስኮት ውጭ ውጭውን አየህ። እኔ የቅዳሜውን ታሪክ የምታሰላ መስሎኝ አልረበሽኩህም።

ከዚያ የእህቴ የሀያት ኒካህ መጣ፣ ሰርጉ በደሳ። ሐረር የመምህራን ሥልጠና አለብኝ ብለህ ቀረህ። ቤተሰቤ ሁሉ «ነስሩስ?» ሲሉኝ አፈርኩ። ስትመለስ አስራ አንድ ቀን አላናገርኩህም። ምግብህን አቀርብና ወደ ማሽኔ እሄዳለሁ። አንተም በልተህ ሳህኑን ራስህ ታነሣለህ። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመህ ልትናገር አፍህን ከፈትክ፤ እኔ ፔዳሉን ረገጥኩ። ተመለስክ።

ስታስተምር ክፍል ውስጥ ወድቀህ ከግርማ ጋር ሐረር ስንወስድህ ማክሰኞ ነበር። መተላለፊያው ላይ ወጣቱ ሐኪም ካርድህን ይዞ መጣና «ባለቤትዎ መድኃኒቱን መቼ ነው ያቆሙት?» አለኝ።

«የቱን መድኃኒት?» አልኩት።

ካርዱን አየ፣ እኔን አየ። «ጉበታቸው እንደማይድን ከዘጠኝ ወር በፊት ነግረናቸዋል እኮ» አለ፣ ቀስ ብሎ። «ለክትትልም ሲመጡ ነበር።»

ሥልጠናው እሱ ነበር። ዞር ብዬ ግርማን አየሁት። ግርማ መሬት መሬቱን ያያል። በአንድ ቅጽበት ባሌም ጎረቤቴም የማላውቃቸው ሰዎች ሆኑብኝ። አንተ ከግድግዳው ወዲያ ዓይንህን ጨፍነህ ተኝተሃል። ሁለት ቀን ቆየህ፤ አንዲት ቃል አልተናገርክም። አጠገብህ ተቀምጬ እጅህን ይዣለሁ፤ ሰው ሁሉ የማለቅስልህ መስሎታል። እኔ ግን የማደርገው ቆጠራ ነበር። ዘጠኝ ወር። የሂርናው ቀን ከውስጡ ነው። ኒካሁ ከውስጡ ነው። አስራ አንዱ ቀን ከውስጡ ነው።

ነስሩ፣ ዕድሜህ በወር እንደሚቆጠር እያወቅክ ከእሱ ላይ አስራ አንድ ቀን በኩርፊያ ሳባክን ዝም ብለህ አየኸኝ። ሕመሙን መደበቅህን አንድ ቀን ይገባኝ ይሆናል። ይህ ግን አይገባኝም። «ዘይነብ፣ ታምሜያለሁ» ብትለኝ በዚያች ሰዓት ማሽኑን እተወው ነበር።

ከአርባህ ሰደቃ በኋላ ደብተርህን ገለጥኩ። «ሻምበሉ» ብለህ ርዕስ ጽፈሃል፤ ከሥሩ «ዘይነብ፦ አይንገራቸው። ወንዙን ይሻገሩ» ይላል። ሁለት ጊዜ አስምረህበታል። ለሌላ ሐሳቤ አስምረህ አታውቅም። ፈቃዴን ወስደህ ነበር ማለት ነው። እኔ የመለስኩት በወሬ ስለተሠሩ ወታደሮች ነው፤ አንተ የጠየቅከኝ ስለ ቤታችን ነው። የፈረድኩበት ነገር ምን እንደሆነ ሳትነግረኝ ፍርዴን ተቀበልክ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ በራሴ አፍ ራሴን እንደቀጣሁ አላህ ያውቃል።

ግርማ ሊያናግረኝ መጣ። «እንዳልነግርሽ በልጆቼ አስማለኝ» አለ።

«ዘጠኝ ወር ሙሉ በሱቄ ደጃፍ እያለፍክ እንደምን አደርሽ ስትለኝ አላፈርክም?» አልኩት።

«በየቀኑ አፍሬያለሁ» አለኝ። እኔ ግን ግባ አላልኩትም። ራሴን ሲያመኝ እንኳ መድኃኒት የምገዛው ዳገቱን ወጥቼ ከሌላ ቦታ ሆነ።

ለኢክራም «ድንገት ነው» ብያት ነበር። ዘመድ ሁሉ ልጅ ናት፣ ምን ያደርግላታል አለኝ፤ ተቀበልኩ። ባለፈው ክረምት ለሁለተኛው ማሽን ቦታ ብለን የኋላዋን ክፍል ስንከፍት ደብተርህን አገኘችው። ጥቅሉ ላይ ተቀምጣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችው። በዶሮዎቹ ሳቀች። ከዚያ ቀና ብላ «እማ፣ ሻምበሉ ለምንድን ነው የማይነግራቸው?» አለችኝ።

«እንዳይቆሙ ብሎ ነው፣ ጉዞው እንዳይቀር...» ብዬ ጀመርኩና አፌ ላይ ቀረ። የምናገረው በአንተ ቃል ነበር። የማደርገውም አንተ ያደረግከውን ነበር፣ በራሳችን ልጅ ላይ። ማሽኑን ትቼ አጠገቧ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ ሕመሙን፣ ሥልጠናውን፣ የእኔን ዝምታ።

አላለቀሰችም። «አንቺ መቼ አወቅሽ?» አለችኝ።

«ሐረር እያለን።»

«እኔ ግን እስከ ዛሬ» አለች። ተነሥታ ወደ አያቷ ሄደች። አራት ቀን አላናገረችኝም። የተጠበቀ ሰው ሳይሆን የተታለለ ሰው ፊት ነበር የነበራት፤ የራሴን ፊት በእሷ ላይ አየሁት። እኔ ግን አፌን ከፍቼ አልተመለስኩም። በየጠዋቱ ፀጉሯን እየሠራሁ፣ ባትመልስልኝም «አጥፍቻለሁ» አልኳት። በአምስተኛው ቀን «እማ፣ አጠበቅሽው» አለች፤ ስለ ፀጉሯ። ታረቅን።

ከዚያ ታሪኩን ልቀጥል አለች። አብዲን ራሷ ጠራችው። ወደ ግርማም ሄዳ ጠራችው፤ እኔ አላኳትም፣ አልከለከልኳትም። ቅዳሜ ከሰዓት በቦታህ ተቀምጣ ደብተሩን ከፈተች፤ እኔ ከማሽኔ ሆኜ ሰማሁ። ሜኤሶ ላይ ሻምበሉ ወታደሮቹን ግራር ሥር ሰበሰባቸውና «እሞታለሁ» አላቸው። እውነትም ቆሙ። ብዙ ቀን አስታመሙት። በዚያ መሐል ሽፍቶች ደረሱባቸው፤ ስንቃቸውን ተቀሙ፣ ያን በደሳ የለፉበትን ጨው ሁሉ አጡ። አብዲ «ባይነግረን ይሻል ነበር፤ ይኼኔ ተሻግረናል» ብሎ አጉረመረመ።

ግርማ «አይሻልም» አለ። ወጥቶ ፊቱን ታጥቦ ተመለሰ።

ሻይ ቀዳሁለት። ይቅር ብዬዋለሁ ማለቴ አይደለም፤ ሻይ ነው የቀዳሁለት። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ ሰላም እንባባላለን። ከዚያ አላለፍንም።

ዘጠኙን ወር ብትሰጠኝ ምን አደርግበት እንደነበር ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ትልቅ ነገር አልነበረም። ቦኬ ወርደን እናትህ ዘንድ እንሰነብት ነበር። ሲያቅለሸልሽህ ገንዳውን እይዝልህ ነበር። በልጅነቷ ለኢክራም የምታንጎራጉርላትን ዜማ በስልኬ እቀዳው ነበር፤ አሁን ከኢክራም ጋር ለመሰብሰብ ብንሞክር ግማሹ ጠፍቶብናል። ፈርተህም ከሆነ አብሬህ እፈራ ነበር። ያን ሁሉ ለእኔ አዝነህ ቀማኸኝ፤ አዝነህ መሆኑን ማወቄ አያሳርፈኝም።

ሰው ሲሞት መልካም መልካሙን ብቻ አንሡ ይባላል። እኔ እንዲያ ላደርግህ አልችልም። መልካምህን ብቻ ለይቼ ብይዝ የምይዘው አንተን አይሆንም። ለኢክራም ስለ አንተ ስነግራት ሳቅህንም፣ ውሸትህንም፣ በሩ ላይ ቆመህ መመለስህንም እነግራታለሁ። አንዱንም አልቆርጥም።

አላህ ይማርህ ነስሩዬ። እኔ ገና ነኝ። እስክምርህ ድረስም፣ ከማርኩህም በኋላ፣ አልረሳህም።

ዘይነብ
ጭሮ