ፊት የሸፈነው ዓሣና መንገድ የሳተው ስድስት መቶ ዶላሬ

ለ«ባልንጀራ» የገንዘብ መላኪያ መተግበሪያ
የደንበኞች ወዳጅነት ክፍል ከፍተኛ ኃላፊ
ለክቡር አቶ ብሬንት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ አቤቱታዎቼን በሦስት ሰከንድ አንብቦ የሚመልስልኝ ማሽንዎም እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናችሁ የተሟላ፣ እንቅልፋችሁ የሰመረ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። የቤተሰብ ስምዎን በአሥራ አንዱም ደብዳቤዎችዎ ላይ ስላልገለጹልኝ በመጀመሪያ ስምዎ ብቻ በመጥራቴ ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ፤ እርስዎም ሁልጊዜ «ሄይ ግሬታ!» ብለው ስለሚጀምሩልኝ፣ ተቀራርበናል ብዬ ነው።

ነገሩ የተበላሸው በጃንዋሪ ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከአርባ ሁለት ደቂቃ ላይ ነው። እዚህ ዱሉት ከተማ ውስጥ፣ ቁርስና የዓሣ ማጥመጃ ትል በአንድ ጣሪያ ሥር በሚሸጥበት ቤት ተቀምጬ፣ ጓንቴን በጥርሴ አውልቄ፣ በደነዘዘ አውራ ጣቴ «ላክ» የሚለውን ነካሁ። ስድስት መቶ ዶላር ሄደ። በስልኬ መስታወት ላይ እንደ ሠርግ ቤት ባለቀለም የወረቀት ብጥስጣሽ ምስል ተበተነና «ወዳጅሽን አስደስተሻል!» የሚል ጽሑፍ ወጣ። በእርግጥም አንድ ሰው ተደስቷል። ያ ሰው ግን ከእኔ አጠገብ ተቀምጣ እንቁላሏን የምትበላው ወዳጄ ካሪን ሊንድኩዊስት አልነበረችም።

ክቡርነትዎ ዓሣ ያጠምዱ እንደሆነ ስለማላውቅ ነገሩን ላስረዳ። ካሪን፣ የሥራ ባልደረባችን ዴልና እኔ፣ በክረምት በረዶ ሆኖ በጠጠረ ሐይቅ ላይ የሚጎተት፣ ውስጡ ተቀምጠው በረዶውን በስተው ዓሣ የሚያጠምዱበት አሮጌ ጎጆ ልንገዛ ተስማምተን ነበር። ዋጋው አንድ ሺህ ስምንት መቶ ዶላር ነው፤ ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዳችን ስድስት መቶ። ሻጩ ጡረተኛ «እስከ እኩለ ቀን እጠብቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ለወንድሜ ልጅ ነው» ብሎናል። ካሪን ገንዘቡን ሰብስባ ልታደርስ ነበር። የቀረው በየትኛው መተግበሪያ እንላክላት የሚለው ብቻ ነው፤ በዚህ ላይ አርባ ደቂቃ ተከራከርን።

ዴል «አረንጓዴው ነው እንጂ! ሌላው የልጅ ጨዋታ ነው» አለ። አረንጓዴው ማን ለማን ለምን እንደከፈለ ለአገር ሁሉ የሚያሳይ መተግበሪያ ነው፤ ዴል ለቀድሞ ፍቅረኛው የውሻቸውን ቀለብ ገንዘብ እንደሚልክ ከተማው ያነበበው በእሱ ስለሆነ፣ ካሪን ሳቋን በቡናዋ ስኒ ሸፈነች። እኔ የባንኬን መተግበሪያ ሳነሳ ዴል «እሱማ ገንዘቡን በእግሩ ነው የሚልከው፤ ሐሙስ ይደርሳል፣ ያውም ካልደከመው» አለኝ። ካሪን ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኔ እንኳ ቼክ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኝ ነበር… ግን እናንተ እንደወደዳችሁ» አለች።

«ቼክ? አያቴን ልጥራልሽ?» አላት ዴል።

እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ የሐይቅ ውሃ በመመርመር ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ። ስለዚህ በናፕኪን ላይ ሰንጠረዥ አሰመርኩ። ፍጥነት፣ ክፍያ፣ ምስጢር፤ ለእያንዳንዱ አምስት ነጥብ። ክቡር ሆይ፣ የእርስዎ «ባልንጀራ» ከአሥራ አምስት አሥራ አራት አግኝቶ አሸነፈ። ናፕኪኑን አልጣልኩትም። ሰው ያሞኘውን ነገር አይጥልም።

ከዚያ ስሟን ጻፍኩ፤ ዘጠኝ ካሪን ሊንድኩዊስቶች ወጡ። በእኛ በሰሜን ሚኒሶታ ይህ የሚገርም አይደለም። ሁሉም ፎቶ የተነሡት በበረዶ ላይ ነው፤ ሁሉም ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደዋል፤ ሁሉም ያጠመዱትን ዓሣ አፍንጫቸው ድረስ ከፍ አድርገው ይዘዋል። እዚህ ሰው በፊቱ አይለይም፤ በዓሣው ነው። የእኔዋ ካሪን መንጋጋው የተጣመመ፣ ክንድ የሚያክል ዓሣ እንደያዘች ስለማውቅ፣ ዓሣውን አይቼ ላክሁ። መንጋጋው የተጣመመ ዓሣ የያዘች ሌላ ካሪን፣ ያውም ከእኛ የአራት ሰዓት መንገድ ርቃ በባውዴት ከተማ እንዳለች እንዴት ልወቅ?

ስሕተቱ የእኔ ነው፤ አልክድም። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ሙሉ በሙሉ የእናንተ ሥራ ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. «በወዳጆች መካከል የተላከ ገንዘብ አይመለስም፤ ወዳጅ ቃሉን አያጥፍምና» ብለው ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ሴትየዋን እንደማላውቃት ስገልጽ፣ አለማወቄን የማረጋግጥበት ቅጽ ልከውልኛል። ጥያቄው «ይህችን ሰው ሳታውቂያት ምን ያህል ጊዜ ሆነሽ?» የሚል ነበር። ምርጫዎቹ ከአንድ ዓመት በታች፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት፣ ከአምስት ዓመት በላይ ናቸው። ከተወለድኩ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አላውቃትም። ስለዚህ በሐቀኝነት የመጨረሻውን መረጥኩ። ወዲያው ከስሜ ጎን «የረጅም ዘመን ወዳጅ» የሚል የወርቅ ምልክት ተለጠፈልኝ።

፪ኛ. «በትሕትና ጠይቂያት» ብለው ስለመከሩኝም ባለውለታዎ ነኝ። ጠየቅኋት። እኔ ግን የዚህ አገር ልጅ ነኝ። ያደግሁት የቀረበልኝን ሁለት ጊዜ «አይ፣ ይቅርብኝ» ብዬ በሦስተኛው ብቻ እንድቀበል፣ የራሴን ነገር ስጠይቅም ይቅርታ እንድል ተደርጌ ነው። ስለዚህ «ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ፤ በስሕተት ስድስት መቶ ዶላር ልኬልዎታለሁ፤ ምንም አያስቸኩልም» ብዬ ጻፍኩ። የባውዴቷ ካሪን የሰባ አራት ዓመት አዛውንት፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። «ኧረ ልጄ፣ እኔ እንዴት አድርጌ ይህን እይዛለሁ! አሁኑኑ ልመልስ» አሉ። እኔም ጣቴ በለመደው «አይ፣ አይቸኩሉ፣ ምንም አይደለም» አልኩ። «ኧረ አይሆንም!» አሉ። «ኧረ ግድ የለም፣ ሲመችዎ» አልኩ። በሦስተኛው ላይ «እሺ፣ እንዲህ ካልሽ አመሰግናለሁ፤ ሰኞ እልከዋለሁ» አሉ። ሁለት የሚኒሶታ ሰዎች ከዚህ በላይ በግልጽ ተነጋግረው አያውቁም። እርስዎ ግን ይህን መልእክት መርምረው «ሰጪዋ ሦስት ጊዜ አበርትታ ሰጥታለች፤ ተቀባይዋም አመስግና ተቀብላለች» ብለው ወሰኑ።

፫ኛ. የባውዴቷ ካሪን እንደ ቃላቸው ሰኞ ጠዋት ስድስት መቶ ዶላሩን መልሰው ላኩ። መተግበሪያዎ ገንዘቡን መንገድ ላይ ያዘው። ምክንያቱ በጽሑፍ ደርሶኛል፦ «ላኪዋና ተቀባይዋ የማይተዋወቁ ሰዎች በመሆናቸው ዝውውሩ አጠራጣሪ ነው።» በዚያው ቀን፣ ከስምንት ደቂቃ በኋላ፣ የመጀመሪያውን አቤቱታዬን «ላኪዋና ተቀባይዋ የረጅም ዘመን ወዳጆች በመሆናቸው» ብለው ዘጉት። ሁለቱም ደብዳቤዎች ላይ የፈረሙት እርስዎ ነዎት። እኔ ስልክ ከፍቼ ምን ልብላ ብዬ ለመወሰን እንኳ ከስምንት ደቂቃ በላይ ይፈጅብኛል፤ እርስዎ በዚያች ጊዜ ወዳጅነት አፍርሰው ወዳጅነት ሠሩ።

፬ኛ. ለካሣ ስለሰጡኝ አሥር ዶላር አመሰግናለሁ። ልልከው የምችለው ለባውዴቷ ካሪን ብቻ መሆኑንና የእሳቸው ሂሳብ መታገዱን አንብቤያለሁ።

፭ኛ. ስለ «የአንድ ወር የወዳጅነት በዓል» ካርዱም እንዲሁ። በላዩ ያተማችሁት የባውዴቷ ካሪን ዓሣ ያምራል።

አሁን፣ ክቡር ሆይ፣ ፈገግ ማለትዎን ለአፍታ እንዲያቆሙልኝ እለምናለሁ። ያን ቅዳሜ እኩለ ቀን ሊሆን አሥራ ስምንት ደቂቃ ሲቀረው፣ የእኔዋ ካሪን ስልኳን አየች፤ እኔን አየች፤ ተነሥታ መንገድ ተሻግራ ከባንክ ማሽን የእኔን ድርሻ ከራሷ አወጣችና ለሻጩ ከፈለች። የመኪናዋን ማርሽ ልታሠራበት ያስቀመጠችው ገንዘብ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ በሆነበት ጠዋት፣ አውቶቡስ ጥበቃ ቆማ ነው ሥራ የምትመጣው። በየወሩ ከደመወዜ ቆርጬ ልክፈልሽ ብላት «አይ፣ ምንም አይደለም» አለችኝ። ሁለት ጊዜ አይደለም፤ አምስት ጊዜ። እኛ አገር ሰው «ምንም አይደለም» ብሎ በአምስተኛውም ካልተቀበለ፣ የዘጋው በር አለ ማለት ነው።

ጎጆ በሐይቅ ላይ የሚያቆም ሰው ስሙን በሩ ላይ መጻፍ ግዴታው ነው። ባለፈው እሑድ ሄጄ አየሁ። «ካሪን» በቀይ ቀለም ተጽፏል። «ዴል» በቀይ ቀለም ተጽፏል። «ግሬታ» በእርሳስ ነው። ዴል፣ በሕይወቱ ቀልድ አምልጦት የማያውቀው ዴል፣ አጠገቤ ቆሞ «ቀለሙ አልቆባት ይሆናል» አለኝና ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ።

ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጥን ሰዎች ነን። እርስዎ ለማላውቃት ሴት የወርቅ ምልክት ሲሰጡኝ፣ የማውቃት ወዳጄ ስሜን በሚጠፋ ነገር ጻፈችው።

የክቡርነትዎ ዘመን እንደ መተግበሪያዎ የፈጠነ፣ ገንዘብዎ እንደ ገንዘቤ ከእጅዎ ወጥቶ የማይቀር እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ለማሽንዎም ልዩ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ለክፍለ ሀገሩ የንግድ ጉዳዮች መሥሪያ ቤትና እንቁላል ለምንበላበት ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ መላኬን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ።

ያለ ፈቃዷ የረጅም ዘመን ወዳጅ የተባለች፣
ግሬታ ኒስካነን
ዱሉት፣ ሚኒሶታ

ተጨማሪ፦ የባውዴቷ ካሪን ትናንት ደውለውልኝ ነበር። ያገዱባቸውን ገንዘብ ሳይጠብቁ፣ ከጡረታቸው ያጠራቀሙትን ስድስት መቶ ዶላር በቡና ቆርቆሮ አድርገው ለቅዳሜ በመኪናቸው ይዘውልኝ ሊመጡ ነው። ሁለት ጊዜ እምቢ ብያለሁ፤ ሦስተኛው መቀበል ነው ብለው እንዳይጽፉብኝ እዚሁ በአደባባይ እናገራለሁ፦ ሴትየዋ ይምጡ፣ ከእኛ ጋር ዓሣ ያጥምዱ፣ ቆርቆሯቸውን ግን እንደያዙ ይመለሱ። ለእኔዋ ካሪን ስነግራት «ይምጡ። ወንበር አለ» አለችኝ። በወሩ ውስጥ ከነገረችኝ ሁሉ ረጅሙ ይህ ነው።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የማልቀበለውን ይወቁልኝ። አሥር ዶላርዎን አልቀበልም። ከአንዲት አሮጊት ጡረታ የሚከፈል የእናንተን ዕዳ አልቀበልም። ወዳጄ ማን እንደሆነ የሚነግረኝ ማሽን አልቀበልም። በመጨረሻም፣ ይህን ሁሉ በትሕትና ስላበላሸሁት፣ «ምንም አይደለም» የሚለውን ከእንግዲህ ከማንም አልቀበልም፤ ከካሪንም፣ ከራሴ አፍም። ምንም ሳይሆን ቀርቶ አይደለም ስሜ በእርሳስ የተጻፈው።