እማማ ሐኪም በየጠዋቱ የሚጠይቁኝ

ይድረስ አዝላ ላሳደገችኝ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም።

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? የእማዬስ ዓይን እንዴት ሆነላት? አባዬ ያን ሳሉን ታከመ ወይስ አሁንም "በራሱ ይተወኛል" እያለ ነው? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለቴ አካሌን ነው እንጂ፣ ልቤስ አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሏል። ይህን እንኳን የምጽፍልሽ ቆሜ ነው፤ ወረቀቱን የኩሽናው መስኮት ደፍ ላይ አድርጌ። ቁጭ ስል ተነሽ ተነሽ ይለኛል፣ ስነሳ ደግሞ ለምን እንደተነሳሁ ይጠፋኛል።

ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። የወር አበባዬ ዘገየ ብዬ በስልክ ሹክ ብልሽ፣ አፍሽ አላስችል ብሎሽ ለእማዬ ነገርሻት! ይኸው ሹራብ ጀምራለች አሉ፤ ያውም የአራስ ልጅ ሹራብ። እታለም፣ እግዜር ይይልሽ! ከተጋባን ጀምሮ ስንት ጊዜ ነው እንዲህ ተስፋ አድርጌ ባዶ እጄን የቀረሁት? እባክሽ ሹራቡን አስቁሚልኝ። እኔ እንደሆን የእርግዝና መመርመሪያውን ገዝቼ መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ ልነካው ፈራሁ። ባለቤቴም መኪናውን ጭኖ ከወጣ ሰነበተ። መሪ ይዞ ሐሳብ አይያዝ ብዬ አልነገርኩትም።

የማወጋው ከአሮጊቷ ጋር ብቻ ነው። ስለምንከባከባቸው ሴትዮ ነግሬሽ የለ? ድሮ የማህፀን ሐኪም የነበሩ፣ አሁን የልጆቻቸውን ስም እንኳን የሚስቱ። ሕንፃው ሁሉ እማማ ሐኪም ነው የሚላቸው። ጠዋት ጠዋት ደም ግፊታቸውን ልለካ ክንዳቸው ላይ ጨርቁን ስጠቀልል፣ እሳቸው የእጄን አንጓ ይይዙና መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ዝቅ አድርገው፣ "ልማደ አንስት መቼ ነበር የመጣሽ?" ይሉኛል። የመጀመሪያ ቀን ምንድን ነው እሱ ብዬ አፌን ከፈትኩ። የወር አበባ ነዋ፣ የሴቶች ልማድ ማለት ነው፣ በእኛ ጊዜ ካርድ ላይ የምንጽፈው እንዲህ ነበር ብለው እንደ ሰነፍ ተማሪ ተቆጡኝ።

ሲያብራሩልኝ ደስ ይላል። ያኔ ሴት ብቻዋን አትታከምም አሉ፤ ባል፣ አማት፣ የባል ወንድም ተግተልትሎ ይገባል። በእነሱ ፊት የወር አበባ የሚል ቃል ከወጣ ሴትየዋ አንገቷን ደፍታ ትቀራለች። ልማደ አንስት ሲባል ግን ወንዶቹ የበሽታ ስም ይመስላቸውና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ለሴቶቹ በር ላይ ያለችው ነርስ ቀድማ ትነግራቸዋለች፣ ዶክተሯ እንዲህ ካሉሽ እሱን ማለታቸው ነው ብላ። ሳቄ አመለጠኝ። እማማ ሐኪም ግን አልሳቁም። አልመጣም ላለችኝ ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ አልልም፣ መጀመሪያ ፊቷን አያለሁ አሉኝ። ሳይመጣ ሲቀር በደስታ የምትዘለው አለች፣ ሳይመጣ ሲቀር ገደል የሚታያትም አለች።

እኔም አልመጣም አልኳቸው። ፊቴን አዩና እንኳን ደስ አለሽ ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። በማግስቱ ረስተውት እንደ አዲስ ጠየቁኝ፣ እንደ አዲስ ሳሙኝ። እንዲህ እያልን ሰነበትን። ለዚያች ጥያቄ ብዬ ደረጃውን በሩጫ ነው የምወጣው።

ቆይ፣ ደወላቸውን እየደወሉ ነው፤ መጣሁ።

ይኸው ተመለስኩ፣ ግን ሐሙስ ሆነ። እታለም፣ መጣ። ትናንት ጠዋት፣ የእማማ ሐኪምን አንሶላ እየቀየርኩ ሳለ። ሆዴን ቆረጠኝ፣ መታጠቢያ ቤት ገባሁ፣ በቃ። ማልቀስ እንኳን አቃተኝ፤ ተመልሼ አንሶላውን አነጠፍኩ፣ ጠርዙን ሳይቀር አስተካከልኩ። መመርመሪያውን እንደታሸገ ቆሻሻ ውስጥ ወረወርኩት።

ዛሬ ጠዋት እንደተለመደው አንጓዬን ይዘው ጠየቁኝ። መጥቷል ማለት ነበረብኝ። ምላሴ እምቢ አለኝ፣ አልመጣም አልኩ። ያችን እንኳን ደስ አለሽ አንድ ጊዜ ብቻ ልስማት ብዬ ነው፤ ልጅነት ነው፣ አውቃለሁ። እሳቸው ግን ፊቴን አዩ። ቆይተው አዩ። እንኳን ደስ አለሽ አላሉኝም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አይዞሽ ልጄ፣ አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም፣ ከዚህ ክፍል ወሬ አይወጣም አሉኝ። ከእነዚያ ገደል ከሚታያቸው ሴቶች አንዷን አደረጉኝ እኮ! ላልያዝኩት ፅንስ አጽናኑኝ። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው። ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፣ ክንዴን ፍቺልኝ እስኪሉኝ ድረስ፤ ለካ ግፊት መለኪያው እንደተነፋ ረስቼዋለሁ።

ነገ ደግሞ ይጠይቁኛል። ምን እንደምል አላውቅም።

የአባዬን ጉልበት ሳሚልኝ፣ ሐኪም ቤት ካልሄደ እንደማኮርፍ ንገሪው። ባልሽን ሰላም በይልኝ። ወሬኛዋን ልጅሽን ጉንጯን ቆንጠጥ አድርገሽ ሳሚልኝ፤ በማን እንደወጣች እናውቃለን። ትንሹንም እንዲሁ፣ ዝም ብለሽ እቅፍ አድርጊልኝ። ለእማዬ ግን ራስሽ ከጎኗ ቁጭ ብለሽ ንገሪያት፤ ድምጿን በስልክ መስማት አልችልም። ሹራቡን አስቁሚልኝ ያልኩሽን ተይው። እንዳትተረትረው በያት። እጅጌው ከቀረ እጅጌውን ትጨርስና፣ አጥባ፣ አጣጥፋ ታስቀምጥልኝ።

ታናሽሽ
ከእማማ ሐኪም ኩሽና፣ መስኮቱ ሥር
ሐሙስ፣ ኅዳር ፱ ቀን