ደረቅና ሞቃት ያልኩት መፀው

ሴፕቴምበር 12፣ ሐሙስ
የመፀው ትንበያ ዛሬ ደረሰ። በካርታው ላይ የኛ ሜዳ በሙሉ ቀይ ነው… ሞቃትና ደረቅ ሦስት ወር። በማለዳው ስርጭት አነበብኩት። ጽሑፉ "ከአሥር ስድስት ያህል ዕድል" ይላል። እሷን ዘለልኳት። በኛ ሬዲዮ ቁጥር ማን ይሰማል? አድማጩ ከብት አርቢና ስንዴ አራሽ ነው። የሚፈልገው አንድ ነገር፦ ይመጣል ወይስ አይመጣም።
ከሰዓት ቲማቲም ለቀምኩ። ንብ ነደፈችኝ።

ሴፕቴምበር 15፣ እሑድ
ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ወንድሜ ኤሜት ቤት ምሳ። ላሞቹን ከሰሜኑ ግጦሽ መቼ እንደሚያወርድ ተቸግሯል። አባታችን ሁልጊዜ ኦክቶበር ሳይገባ ያወርድ ነበር። ዘንድሮ ግን ቤቱ አጠገብ ያለው ሣር አልቋል፤ ላይኛው ገና ጉልበት ይደርሳል።
"አንቺ ምን ትያለሽ?"
"ተዋቸው። ወሩን ሙሉ ሞቃት ነው።"
"እርግጠኛ ነሽ?"
"ነኝ።"
አባባ ቢኖር ካርታሽን ምድጃ ውስጥ ይከተው ነበር ብሎ ሳቀ። ሚስቱ ጆሊን አልሳቀችም። ሳህን ማንሳት ጀመረች።

ሴፕቴምበር 28፣ ቅዳሜ
ጃኬት የሚባል ነገር ረስተናል። ነዳጅ ማደያው ጋ ሽማግሌውን ሚስተር ሃልቮርሰንን አገኘሁ። በዚህ ወር ዝንብ እንዲህ ሲያስቸግር አይተው አያውቁም፤ ክፉ ብርድ ሊመጣ ነው ብለው ደስ አላላቸውም። እርስዎ መቼ ደስ ብሎዎት ያውቃል አልኳቸው። ሁለታችንም ሳቅን።

ኦክቶበር 8፣ ማክሰኞ
ትንበያው ተገለበጠ። ከምዕራብ የሚመጣ ነገር አለ… ነገ ዝናብ፣ ሐሙስ በረዶ። በስርጭት አነበብኩት። ወዲያው ኤሜት ጋ ደወልኩ። መቶ ስልሳ ላም፣ ሃያ ሁለት ማይል። በአንድ ቀን እንዴት ይሆናል? ጎረቤቱም የራሱን ሊያወርድ እየሮጠ ነው።

ኦክቶበር 9፣ ረቡዕ
ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ ዝናብ። ኤሜትና ጆሊን ጎህ ሲቀድ ወጥተው አርባውን አወረዱ። ለቀሩት ሲመለሱ መኪናውን ጭቃ ያዘው። መቶ ሃያ እዚያው ቀሩ። ለብርዱ ወራት የሚያበቅሉት ወፍራም ፀጉር ገና አልወጣም… እስከ ቆዳቸው ርሰው ይሆናል።

ኦክቶበር 10፣ ሐሙስ
በመስኮት ምንም አይታይም። መብራት የለም። ስልክ የለም። ነፋሱ ብቻ።

ኦክቶበር 13፣ እሑድ
መንገዱ ተከፈተ። ከኤሜት ጋር ሄድኩ። በመኪናው ወደ ሰሜኑ ግጦሽ ወጣን።
ላሞቹ ለነፋሱ ጀርባቸውን ሰጥተው ሄደዋል። በረዶው የሽቦ አጥሩን ስለቀበረው በላዩ ተራምደው አለፉ። ጅረቱ ጋ ሲደርሱ ከገደሉ አንዱ በአንዱ ላይ… አልጽፈውም። አንዲት ላም በሕይወት ቆማለች፣ እግሯ ሥር የሞተው ጥጃዋ። ልንነዳት ብንሞክር እምቢ አለች።
ኤሜት በረዶውን በእጁ እየጠረገ ጆሯቸው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ይጠራል፤ እኔ እጽፋለሁ። የሞቱት ስልሳ ሰባት ናቸው።
መሃል ላይ አልቻልኩም። "ኤሜት፣ ተዋቸው ያልኩህ እኔ ነኝ።"
ቀና አላለም።
"ጻፊ። ሁለት መቶ አሥራ አራት።"

ኦክቶበር 16፣ ረቡዕ
ደወልኩ። ጆሊን አነሳች። ኤሜት ከቤት ወጥቷል አለችኝ። ከዚያ…
"እንዲያወርዳቸው ለምኜው ነበር። እህቴ ታውቃለች አለኝ።"
ዘጋችው። ልክ ናት።

ኦክቶበር 18፣ ዓርብ
ዛሬ በስርጭት ላይ ተናገርኩ። የተዘጋጀሁት አልነበረም። ትንበያው ከአሥር ስድስት ነበር ያለው፣ የቀሩትን አራት የደበቅኳችሁ እኔ ነኝ አልኩ። ካርታውን የሠሩት ሰዎች አልዋሹም፤ እኔ ቆርጬ አነበብኩ። ሥራ አስኪያጁ በመስታወቱ በኩል ያየኛል። አላስቆመኝም።
ማንም አልደወለም። ከሰዓት ሚስተር ሃልቮርሰን መጡ። አሥራ አንድ ላም ሞቶባቸዋል። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።
"ዝንቡን እኔው አየሁ፣ ላንቺም ነገርኩ… ግን አላወረድኳቸውም። ሞቃት ነው ስትዪኝ ደስ አለኝ፣ ልጄ። መስማት የፈለግኩት እሱን ነበር።"
እሳቸው ከሄዱ በኋላ አለቀስኩ። ቀለለኝ? እንጃ። ኤሜት አሁንም አልደወለም።

ኖቬምበር 3፣ እሑድ
ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኤሜትና ጆሊን ከፊቴ ተቀምጠው ነበር። ጆሊን ዞር ብላ አየችኝ። ሰላም አላለችኝም። ፊቷንም አላዞረችብኝም።

ኖቬምበር 21፣ ሐሙስ
የክረምቱ ትንበያ ደረሰ። ሙሉውን አነበብኩት፣ ከነቁጥሩ። ከሬዲዮ ጣቢያው ስወጣ ኤሜት ደጅ ቆሟል። ከስቷል። ሰላም ሳይል ጠየቀኝ።
"በሬዲዮ አልገባኝም። ምን ይላል?"
"ከአሥር አራት፣ ከወትሮው ይከፋል። ሦስት እንደ ወትሮው። ሦስት ይሻላል።"
"እና አታውቂም።"
"አላውቅም።"
ራሱን ነቀነቀ። መኪናው ድረስ ሄዶ፣ በሩን ከፍቶ ቆመ። ነገ ከታችኛው መስክ ድርቆሽ ሊያነሳ ነው፤ የተረፉትን ቤቱ አጠገብ ሊያከርም። ሰው ያንሰዋል።
"ጆሊን ትምጣ ብላለች" አለኝ። "ለሥራ ነው። ምሳ የሚባል ነገር አልተነሳም።"
በስንት ሰዓት አልኩት።
ጠዋት በአንድ ሰዓት አለኝ። ወፍራም ጓንት ልያዝ… እዚያ ነፋስ አለ።