ስለ አቶ ዓለምብርሃን ተድላ ዕረፍትና በጣሪያችን ላይ ስላለው ዲሽ

በሐርጌሳ የኢትዮጵያውያን ነዋሪዎች መረዳጃ ማኅበር ነባር አባሉንና የአየር ጠባይ ባለሙያውን አቶ ዓለምብርሃን ተድላን ሐሙስ ሚያዝያ 7 ቀን 1996 ዓ.ም. በሞት ተነጥቋል። ሐዘናችን ከባድ ነው፤ ንዴታችንም አብሮ አለ። የምንናደደው በሞት አይደለም፤ ሞትማ የፈጣሪ ነው። በሰውና በራሳችን ነው እንጂ።

አቶ ዓለምብርሃን ደሴ ተወልደው፣ በአገራቸው በአየር ጠባይ ትንበያ ሃያ ሁለት ዓመት አገልግለው፣ በ1990 ዓ.ም. ለአንድ አየር መንገድ ወኪል ቢሮ ሊሠሩ ሐርጌሳ መጡ። ያኔ ከተማው ገና ከፍርስራሹ እየተነሣ ነበር። አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ያለው የማኅበራችን ቤት እንኳ ግማሹ ጣሪያ አልነበረውም። ጣሪያው ሲሠራ እርሳቸው ትልቅ ዲሽ አስተከሉበት፤ ሳተላይት ከላይ ያነሣውን የደመና ምስል የሚቀበሉበት ነው።

በ1993 ዓ.ም. በደረቁ ወንዝ ውስጥ አትክልት ለሚሸጡ እህቶቻችን የጎርፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት ጀመሩ። እንግዲህ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ላይኛው አገር ዘንቦ ወንዙ ድንገት ይመጣል። ከእነርሱ አንዷ ወይዘሮ ኻዲጃ መጀመሪያ ቀን፣ «ጋሼ፣ በእርግጥ ይመጣል ወይስ ኢንሻአላህ ነው?» ብትላቸው፣ «ኢንሻአላህማ አለ፤ አንቺ ግን ቲማቲምሽን አንሺ» አሏት። አነሣች። ጎርፉም መጣ። ከዚያ ወዲህ በሦስት ክረምት አንድ ቅርጫት አልተወሰደባትም።

በነሐሴ 1994 ዓ.ም. አዲሱ የአየር ጠባይ ሳተላይት በሮኬት ወደ ላይ ተላከ። አሮጌው ምስሉ እየደበዘዘ ስለነበር ዜናውን የነገሩን እንደ ልጅ ሠርግ ነው። «ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ከላያችን አይንቀሳቀስም፤ በየሩብ ሰዓቱ ያያችኋል» አሉን። በጥር 1996 ዓ.ም. ሙከራውን ጨርሶ ሥራ ጀመረ።

የእርሱን ምስል የሚያነብ አዲስ ሪሲቨር ግን ከሰኔ 1995 ጀምሮ እዚሁ ከተማ ጉምሩክ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አንዴ ሌተር አምጡ፤ አንዴ ስታምፑ ደበዘዘ፤ አንዴ «ይህ መሣሪያ ማንን ነው የሚያዳምጠው?» አቶ ዓለምብርሃን እግራቸው አብጦ በከዘራ እየሄዱ ዘጠኝ ወር ተመላለሱ። ሳተላይቱ ሠላሳ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ወጥቶ ቦታውን ያዘ፤ የእኛ ሳጥን በታክሲ አሥር ደቂቃ መምጣት አቃተው። ይህን ስንጽፍ እንኳ ደማችን ይፈላል።

ሳጥኑ መጋቢት 28 ተለቀቀ። መጋቢት 30 ቀን አቶ ዓለምብርሃንን በወንበር ተሸክመን ጣሪያ ላይ አወጣናቸው። ዲሹን በደብተራቸው ባሰሉት ቁጥር አዙረው ምሰሶው ላይ ቀይ መስመር ቀቡ። «አንድ ጣት ብታዛንፉት ሌላ ሰማይ ነው» ብለውን ወረዱ። ምስሉ የሚታይበት ኮምፒውተር የሚመጣው ሰኞ ስለነበር እስከዚያ መጠበቅ ብቻ ነበር የቀረን።

እሑድ ፋሲካ ዋለ። እኛ የማኅበሩ ሰዎች የአገር ቤቱን የበዓል ፕሮግራም ለማየት ዲሹን አዞርነው። ማታ መለስነው፤ ግን በጨለማ፣ በግምት።

ሰኞ ኮምፒውተሩ ተከፈተ። ምንም የለም፤ ጥቁር። አቶ ዓለምብርሃን ጣሪያ መውጣት ስለማይችሉ ከታች ሆነው፣ «ቀይ መስመሩ ላይ ነው? ነክታችሁታል?» ብለው ጠየቁ። እኛም አፍረን፣ «ኧረ ጋሼ፣ ንክች አላደረግነውም» አልን። ደብተራቸውን ገልጠው ቁጥሩን አዩ። ከዚያ፣ «እንግዲያው የሳትኩት እኔ ነኝ» ብለው ደብተራቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ረቡዕ ከሰዓት ወንዙ መጣ። ወይዘሮ ኻዲጃ ነፍሷን ይዛ ወጣች፤ አልሐምዱሊላህ፤ ዕቃዋ ግን ሁሉም ሄደ። አቶ ዓለምብርሃን ይህን ሰምተው እስከ ሐሙስ ጠዋት ቁጥር ሲደምሩና ሲሰርዙ እንደነበር ባለቤታቸው ነግረውናል። «የት ጋ ነው የሳትኩት?» ይሉ ነበር አሉ። ሐኪሙ የቆየ የልብ ሕመም ነው ብሏል። እውነቱን ነው፤ እኛ ግን በዚህ አንጽናናም።

አስከሬናቸው በቶጎ ውጫሌ ድንበር በኩል ወደ ደሴ ከተሸኘ በኋላ፣ ሚያዝያ 10 ቀን ዲሹን ቀይ መስመሩ ላይ መለስነው። ያዛነፍነው ሁለት ጣት ነበር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ምስሉ መጣ፤ ባሕሩ፣ ተራራው፣ በስተምዕራብ የተከመረው ደመና ሳይቀር። ማንም እልል አላለም።

ስለዚህ ማኅበሩ ለአባላቱም፣ «የሽማግሌው ስሌት ነው ያስበላን» እያሉ በገበያ ለሚያወሩትም የሚያስታውቀው፦ ዲሹን ያዞርነው እኛ ነን፤ የዋሸነውም እኛ ነን። የወይዘሮ ኻዲጃን ዕቃ የምንተካው እኛ ነን። ከእንግዲህ ለፋሲካም ሆነ ለዒድ ያንን ዲሽ የሚነካ አባል አይኖርም። ምስሉን በየቀኑ አይቶ ወንዙ ዳር የሚያስጠነቅቅ ሰው መድበናል።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ብሩክታይት፣ ለልጃቸው ለሔመንና ለሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ይቅርታ ለመጠየቅ አፍ የለንም። አንድ ነገር ብቻ እንለምንዎታለን፣ ወይዘሮ ብሩክታይት፦ እርሳቸው ደጋግመው የሰረዙበትን ደብተር ሲከፍቱ፣ ከመጀመሪያው ስሌት ሥር «ልክ ነበር» ብለው ይጻፉልን።

ሸዋዬ ግርማ
የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ስለ ሥራ አስፈጻሚው
ሐርጌሳ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1996 ዓ.ም.