አባትህ ኳሷን የያዙልህ ቀን

ውድ ሃኑስ፣

ሰላምታውን ለእናትህ ትቼ ወደ ጉዳዬ ልግባ። እናንተ የዴንማርክ ባለደመወዝ ኳስ ተጫዋቾች ወደ ፋሮ ደሴታችን የመጣችሁት፣ ዓሣ ስንቆርጥ የምንውለውን እኛን አሥር ለባዶ ቀጥታችሁ ልትመለሱ ነበር። ለጓደኞችህ ስለ ነፋሳችን ግን ማን ነገራቸው? አንተስ ብትሆን ምነው ዝም አልካቸው? አሠልጣኛችሁ «ይሄ ሜዳ ነው ወይስ ገደል?» ሲል ሰምቼ በሳቅ ልሞት ነበር። ሁለት ኳስ ባሕር በልቶብን፣ አንድ ለአንድ እንደሆንን መጨረሻው ደቂቃ ላይ ደረስን። ጉድ እኮ ነው!

እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ የፈራሁት ሽንፈቱን አልነበረም፤ አባትህን ነው። የዓሣ ጀልባቸውን ትተህ ዴንማርክ ኳስ ልትጫወት ከሄድክ ወዲህ ስምህን ጠርተው አያውቁም። በዚያ ዕድሜያቸው ተከላካይ ሆነው ሲገጥሙህ ደግሞ እግርህን ይሰብሩታል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ዞር ብለው እንኳ አላዩህም። አጥቂውን ሳያይ የሚከላከል ሰው ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ፍጹም ቅጣት ምት አገኛችሁ። ኳሷን ስታስቀምጣት ነፋሱ ያንከባልላታል። ደግመህ ስታስቀምጣት ጭራሽ ትሸሻለች። እኛ ጋ እንዲህ ሲሆን አንዱ በሆዱ ተኝቶ በጣቱ ይይዛታል። ጓደኞችህን ብትለምናቸው ግን «ጭቃ ላይ? አብደሃል እንዴ?» ብለው ሳቁብህ። በረኛው እኔ ሆኜ እንኳ አንጀቴን በላኸው።

ይሄኔ አባትህ መጡ። ጭቃው ላይ ዘፍ ብለው ተዘረጉና ጣታቸውን ኳሷ ላይ አደረጉ።

እናትህ ከዳር ሆነው «ቱማስ! አንተ ሰውዬ፣ የማን ወገን ነህ?» ብለው ጮኹ።

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ!» አሉ አባትህ። ከዚያ ቀና ብለው አዩህ። «ሃኑስ፣ በል ምታ። ጣቴን ብቻ እንዳትመታኝ።»

መታህ። እኔ ወደ ግራ በረርኩ፣ ኳሷ በቀኝ ገባች። ተሸነፍን።

መንደሩ እስካሁን አኩርፏቸዋል። ሱቅ ሲገቡ «ከሃዲ!» ይሏቸዋል። እሳቸው ደረታቸውን ነፍተው «አገባ አይደል? የማን ልጅ መሰላችሁ?» ይላሉ። በየቀኑ ነው እኮ፣ ሰለቸን!

አንተ ግን ያን ቀን እንባህ ሲመጣ አውቶቡስ ውስጥ ገብተህ ተደበቅህ። አይቼሃለሁ፣ አትካድ። ለገና ና። አባትህ ሥጋ ማድረቂያው ጎጆ ውስጥ የበግ ሥጋ ሰቅለው በነፋስ እያደረቁ ነው፤ ትንሽ ልቆርጥ ብል እጄን መቱኝ። «የሃኑስ ነው!» አሉኝ።

ጎል ገብቶበት ደስ ያለው በረኛ፣
ሄርጌር