ከቬሮና ወዲያ ያልነገርሁህ

ውድ ኦልደን፤

የላክኸው የጉዞ ዝርዝር ደርሶኛል። ቀኖቹን በቀይ፣ ከተሞቹን በሰማያዊ ቀለም መጻፍህን አይቼ ፈገግ አልሁ፤ ጀልባ ስትሠራም እንጨቱን የምታሰምርበት እንዲሁ ነው። ሃያ ዓመታችን ሳለ የሄድንበትን መንገድ፣ ጉልበታችን ጨርሶ እምቢ ከማለቱ በፊት በመጪው መስከረም እንድንደግመው ጠይቀኸኛል፤ መልሴንም እስከ ወሩ መጨረሻ ትጠብቃለህ። ስለ ጤናህና ስለ ልጆችህ የምጠይቅባቸውን መስመሮች ዛሬ ዘልያቸዋለሁ። እሺም እምቢም ከማለቴ በፊት፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ልነግርህ ሲገባኝ ያልነገርሁህ ነገር አለ። ካነበብኸው በኋላ ግብዣህን ልታነሣ ትችላለህ። ወዳጅነታችንንም ልታነሣ ትችላለህ፤ እሱንም አስቤበት ነው ብዕር ያነሣሁት።

ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ ከፈረምነው ወረቀት ነው። ከኮሌጃችን የሄድነው ሃያ ሁለት ተማሪዎች ጣልያን አገር፣ ኡምብሪያ ውስጥ ኮረብታ ላይ ወደ ተቀመጠችው ከተማ በገባን ማግስት፣ መምህርታችን ሲኞራ ፋብሪ ለእያንዳንዳችን አንድ ወረቀት አደሉን፤ ስድስት ሳምንት ሙሉ ከጣልያንኛ በቀር አንዲት ቃል ላንናገር ቃል የምንገባበት። በሕልማችሁ እንግሊዝኛ ከመጣባችሁ ንቁና መስኮት ክፈቱ ብለውን ነበር። ትምህርቱ ያለቀ ዕለት ሌሎቹ አደባባዩ ላይ ወጥተው በእንግሊዝኛ ሲንጫጩ ከእስር የተፈቱ ይመስሉ ነበር። እኔና አንተ ግን እልኸኞች ነበርን። ከአምስተርዳም ወደ አገራችን የሚወስደን አውሮፕላን እስኪነሣ ድረስ ቃሉን እንጠብቃለን ተባባልን፤ ቅጣትም አበጀንለት። አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ያመለጠችው ሰው የሁለታችንንም ሻንጣ እስከሚቀጥለው ማደሪያ ይሸከማል።

የእኔ ሻንጣ በመጻሕፍት የታጨቀ ስለ ነበር ቅጣቱ ባንተ ይከፋ ነበር። ፍሎረንስ ላይ፣ ያንን ሁሉ ደረጃ ወጥተን ከማደሪያው በር ስንደርስ ሻንጣዬን አስቀመጥህና፣ «ዊንስሎው፣ ሬሳ ነው እንዴ የጫንከኝ?» አልኸኝ። ያልኸው በእንግሊዝኛ ስለ ነበር በማግስቱም አንተው ተሸከምኸው። ወደ ባቡር ጣቢያው ስንወርድ ስትሳደብ የነበረው ግን በጣልያንኛ ነበር፤ በጥንቃቄ።

አሁን ወደ ኋላ ሳየው የዚያን ጉዞ ሚዛን በደንብ አውቀዋለሁ። በወረቀት ላይ እኔ እበልጥህ ነበር፤ ፈተናውን በአንደኝነት ያለፍሁት እኔ ነኝ። ዳቦ ልገዛ ስገባ ግን ላብ ያጠምቀኝ ነበር። አንተ ደግሞ ግሡን ሰባብረህ፣ እጅህን አወናጭፈህ፣ ባለ ዳቦው ስለ አማቱ ሕመም የሚያወጋህ ሰው ነበርህ። ሰው ሁሉ ላንተ በሩን ይከፍት ነበር፤ እኔ ከኋላህ እገባ ነበር። ይህን አስታውስልኝ፤ እንደ ማስተባበያ ሳይሆን እንደ ምክንያት።

ነሐሴ ሃያ ሁለት ቀን ቬሮና ገባን። እንደ ልማዳችን በቀጥታ የሄድነው ወደ ዋናው ፖስታ ቤት ነበር፤ ቤተሰቦቻችን በየከተማው በስማችን የሚልኩልን ደብዳቤ እዚያ ተቀምጦ ይጠብቀን ነበርና። ለየራሳችን አንዳንድ ደረሰን። ያንተ ከእናትህ ከወይዘሮ ሄስተር የተላከ ግማሽ ገጽ ነበር። ዘንድሮ ቲማቲሙ እንደ በዛ፣ አንተም ሾርባ እንዳትተው ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኸውና ጽሕፈቱ ዘመም ዘመም ብሏል አልኸኝ፤ መኪና ውስጥ ሆና ጽፋው ይሆናል ብለህ ራስህ መለስህ። ከዚያ ከፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ጋር ስለ እግር ኳስ ወሬ ያዝህ።

የእኔ ከእናቴ ከሎይስ ነበር፤ በሁለቱም ገጽ የተጻፈ ሦስት ወረቀት። ምሰሶ ተደግፌ አነበብሁት። እናትህ ወሩ ከገባ ጀምሮ ሆስፒታል ተኝተዋል። ሐኪሞቹ ከፍተው አይተው ምንም ሳይነኩ መልሰው ሰፍተዋቸዋል። ለአባትህም፣ ለእህትህም፣ ለእናቴም አንድ ነገር አስምለዋቸዋል፤ ማንም ለኦልደን እንዳይጽፍ፣ ልጁ በጋውን ይጨርስ ብለው። እናቴ ቀጥላ እንዲህ ትላለች፦ «ለእሱ ላልጽፍ ምያለሁ። ለአንተ ላልጽፍ ግን አልማልኩም። አንተ ንገረውና ቶሎ ይምጣ፤ ብዙ ቀን የላትም።»

ደብዳቤውን አጥፌ ከኮቴ ውስጥ ኪስ ከተትሁት። ምሳ ላይ እነግረዋለሁ አልሁ። ምሳ ላይ አንተ ካስተናጋጁ ጋር ትሣሣቅ ነበር። እራት ላይ አልሁ። ከዚያም ተራራውን ስንሻገር፣ ከዚያም ኢንስብሩክ። በየጣቢያው ንግግሩን አዘጋጅ ነበር፤ በየጣቢያውም ቀጣዩ ጣቢያ የተሻለ ይመስለኝ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ሙኒክ ደረስን። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ጀርመን አገር ሊሠሩ የመጡት ጣልያኖች የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው ጣቢያው ውስጥ ተሰብስበው ከአገራቸው የሚመጡትን ባቡሮች ይመለከቱ ነበር፤ የሚቀበሉት ሰው ስላላቸው አልነበረም። እኛ ሻንጣዎቻችን ላይ ተቀምጠን በጣልያንኛ ስንጨቃጨቅ ያ ሮኮ የሚባለው የካላብሪያ ሰው ቀረበን። በጡብ ፋብሪካ የሚሠራ፣ አንገቱ አጭር፣ ሸሚዙ ነጭ።

«ይቅርታ ልጆች፣ የየት መንደር ሰዎች ናችሁ?» አለ።

አሜሪካኖች መሆናችንን ነገርኸው።

«ሁለታችሁም?»

ሁለታችንም አልኸው።

«ታዲያ ማን ቀጥቷችሁ ነው እርስ በርሳችሁ በኛ ቋንቋ የምትሰቃዩት?» ብሎ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ኑ እዩልኝማ፣ ከራሳቸው አፍ የተሰደዱ አሜሪካኖች አገኘሁ። እኛ ጀርመንኛ ገድሎናል፣ እነዚህ ደግሞ ወደው እኛን ይገድላሉ።»

ከዚያ በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ። «ይሄ ረጅሙ እንደ ቄስ ነው የሚያወራው። አንተ ግን ልክ እንደ ወንድሜ ነህ። ወንድሜም ትምህርት አልገባውም።»

አንተ እስክታነባ ሣቅህ። ቋሊማና ዳቦ በጩቤ ቆርጦ አጎረሰን። እናቱን ካየ ሦስት ዓመቱ እንደ ሆነ ነገረን፤ ማንበብ ስለማይችሉ ደብዳቤውን የሚያነቡላቸው የመንደሩ ቄስ ናቸው፣ በዚያም ምክንያት ለቄስ ጆሮ ከሚገባ ነገር በቀር ምንም ሊጽፍላቸው አልቻለም። ጓደኞቹ ሲሥቁበት እሱም ሣቀ። ከዚያ ሳቁን ሳይጨርስ ወደ አንተ ዞሮ፣ «እናትህ አለችልህ?» አለህ።

«አለች። ደኅና ናት» አልኸው። መልስህን ለእሱ ሰጥተህ ዓይንህን ወደ እኔ አዞርህ።

ባቡራችን ወደ ሰሜን ሲንቀሳቀስ ከእኛ ሌላ በክፍሉ ውስጥ ሰው አልነበረም። በመስኮቱ የታጨደ ማሳ ያልፋል። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ «ዊንስ፣ እናትህ ስለ እናቴ የጻፈችልህ ነገር አለ? እውነቱን ንገረኝ» አልኸኝ።

እኔም እንደ ሲኞራ ፋብሪ ጣቴን አነሣሁ። «በጣልያንኛ» አልሁህ። «ሻንጣዎቹም ያንተ ናቸው።»

አልሣቅህም። ቃል ስትፈልግ እንደምታደርገው ከንፈርህ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ በዚያ በተሰባበረ ጣልያንኛህ፣ እንደ ሕፃን ልጅ፣ ደግመህ ጠየቅኸኝ።

«ሁሉም ደኅና ናቸው» ብዬ መለስሁልህ። «ሰላም ብለውሃል።»

ኦልደን፣ ዕድሜ ልኬን በዚያ ቋንቋ መጻሕፍት መካከል ኖሬአለሁ፤ ለሌሎችም አስተምሬአለሁ። ከቶ ያላስተማርሁት አንድ ነገር ቢኖር በዚያ ፉርጎ ውስጥ ያወቅሁት ነው፤ በተዋሱት ቋንቋ መዋሸት ምን ያህል እንደሚቀል። ያ ዓረፍተ ነገር የእኔ አልነበረም፤ ከመማሪያ መጽሐፋችን ሦስተኛ ምዕራፍ የወጣ ነበር፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሃያ ሁለታችን በአንድ ድምፅ ደጋግመን ያልነው። ከአፌ ሲወጣ ምላሴን እንኳ አልከበደኝም። በእንግሊዝኛ ለጠየቅኸኝ በእንግሊዝኛ ልመልስልህ ብገደድ ኖሮ ፊቴ ያጋልጠኝ ነበር፤ እኔም አውቄው ነበር ጣቴን ያነሣሁት። አንተ ቃል ኪዳኑን የጠበቅኸው ቃል ስለ ገባህ ነው። እኔ ከኋላው ተደብቄበት ነበር።

ለምን? ለራሴ የሚያምር ምክንያት ስፈልግ ብዙ ዓመት ባክኛለሁ። የእናትህን ፈቃድ ማክበሬ ነው ያልሁባቸው ጊዜያት አሉ። አይደለም። አንተ ከሄድህ ብቻዬን ልቀር ነው ብዬ ፈራሁ፤ ይኸው ነው። ያለ አንተ ያ አህጉር ለእኔ ካርታ ብቻ ነበር። በሮች ፊት ላቤን እየጠረግሁ ልቆም ነው ብዬ ፈራሁና እናትህን ነጠቅሁህ።

ቀሪውን ታውቀዋለህ፤ ያወቅኸው ግን እንደ ደስታ ነው። ኮፐንሃገን ወደብ ላይ ከዚያ ዝምተኛ ሽማግሌ ጋር የጀልባ ቀለም ስትፍቅ የዋልኸው፣ ባሕሩ ውስጥ ዘለህ ገብተህ የወደቡን ዘበኛ ያስቆጣኸው፣ እነዚያ ቀኖች ከጉዞው ሁሉ የደመቁት ነበሩ። መስከረም ሦስት ቀን ከዚያው ሽማግሌ ጀልባ ተውሰህ መቅዘፍ ታስተምረኝ ነበር። ውሃውን አትምታው፣ ግፋው ነበር የምትለኝ። እናትህ ያረፉት ያን ዕለት ነው።

ቦስተን አውሮፕላን ማረፊያ አባትህ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመው ነበር። አንድም ቃል ሳይወጣቸው ነገሩ ገባህ። ሄደህ ግንባርህን ትከሻቸው ላይ አሳረፍህ፤ እሳቸውም፣ «እሷ ናት ያለችው ልጄ። ይጨርስ አለች» ይሉህ ነበር፤ ደጋግመው፣ እንደሚለምን ሰው። እናትህ ከተቀበሩ ሁለት ቀን ሆኗቸው ነበር። አንተ፣ «ባውቅ ኖሮ እመጣ ነበር» አልህ። እኔ ሁለት እርምጃ ያህል ርቄ ቆሜ ነበር። ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነበር።

ቤት ስንደርስ እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ለብቻዬ ያዘችኝና ደብዳቤዋ ቬሮና አልደረሰኝ እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። አልደረሰኝም አልኋት፤ ይህን በገዛ ቋንቋዬ። ያኔ ከበደኝ። ቴሌግራም ባለማድረጓ ራሷን እየወቀሰች አለቀሰች። ከዚያም እንዲህ ያለ ደብዳቤ መላኩን ለኦልደን በፍጹም እንዳትነግረው፣ መንገድ ላይ ቀረ ብሎ ሁለት ጊዜ ይቃጠላል ብላ አስማለችኝ። እስክትሞት ድረስ ያ ደብዳቤ የጠፋ ይመስላት ነበር። እናትህ ላንተ በእሷ በኩል ያሉት ቃል ስለ ነበረም አንተን ስታይ ዓይኗ ይሸሽ ነበር፤ አኩርፋህ ይመስልህ እንደ ነበር አውቃለሁ። አላኮረፈችህም።

አንተ ኮሌጁን ትተህ ከአባትህ ጋር የጀልባ መሥሪያው ውስጥ ቀረህ፤ እኔ ተመልሼ የዚያ ቋንቋ መምህር ሆንሁ። ሠርጌ ላይ ሚዜዬ አንተ ነበርህ። ሚስቴን ስቀብር መቃብሯ አጠገብ ክንዴን የያዝኸኝ አንተ ነህ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዝም አልሁ፤ ዝምታውም እንደ ቤት ዕቃ ቦታ ያዘ፣ ዞሬው ማለፍ ለመድሁ። ባለፈው ወር በላክኸው ደብዳቤ ግን፣ «እናቴ ያን በጋ ሙሉውን ሰጥታኝ ነው የሄደችው፤ መንገዱን የምወደውም ለዚህ ነው» የሚል አንድ መስመር አለ። ከዚያ መስመር ወዲያ አላለፍሁም። ሙሉውን አልሰጡህም ኦልደን። እስከ ቬሮና ያለውን ሰጡህ። የቀረውን የወሰድሁት እኔ ነኝ። በማግስቱ ብትነሣ ኖሮ ከአልጋቸው አጠገብ ከሳምንት በላይ ትቀመጥ ነበር።

እንግዲህ በባቡር ፊት ለፊትህ ተቀምጬ ይህን ሳትሰማ ያንን ማሳ አብሬህ ልመለከት አልችልም። ቲኬት አልገዛሁም። ና ካልኸኝ እመጣለሁ፤ የምትናገረውንም ሁሉ፣ በምትናገርበት ቃል፣ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። ከልጅህ ጋር ብትሄድ ይሻለኛል ካልህም ይገባኛል። ካልጻፍህልኝ ደግሞ ዝምታህን እንደ መልስ እቀበላለሁ፤ እኔ ለዝምታ ስሞታ የማቀርብበት አፍ የለኝም። ይቅርታን ግን በሚቀጥለው ፖስታ እንድትልክልኝ አልጠይቅህም። በዚህ ዕድሜ ችኮላ ነውር ነው።

የእናቴን ሦስት ወረቀት ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ያንተ ናቸው። የመጨረሻዋን ገጽ ግርጌ ግን በመነጽር እየፈለግህ እንድታነባት አልፈለግሁም፤ ይህን ያህል ዘመን ይዤው የቆየሁትን መልእክት በእጄ ጽፌ ማድረስ አለብኝ። እናቴ ተሰናብታ ስትወጣ እናትህ እጇን ይዘው ወደ እሳቸው አስጎንብሰዋታል። አባትህ መስኮቱ አጠገብ ስለ ነበሩ በሹክሹክታ ነበር የተናገሩት፦

«ሎይስ፣ ይምጣ አልልም። ከመጣ ግን ደስ ይለኛል።»

ዊንስሎው